ያድግበታል ተብሎ የተገዛ፤ የ86 ልብሶች ጉዳይ

ቆጠራው የተደረገው በጁላይ 2022 ነው። (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ደረሰኞቹም እንደዚያው ናቸው።) ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበረችው ባለሁለት መኝታ አፓርታማችን ልንለቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ከአልጋችን ሥር አራት የፕላስቲክ ሳጥን ወጣ። ባለቤቴ አንደኛውን ከፈተ፣ የትንሽ ወንድ ልጅ ካፖርት አነሣ፣ ታጉን ገልብጦ አነበበ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የልጃችን ነዋ።»

«ልጃችን እኮ ይሄን ካለፈው ሁለት ዓመት ሆነው።»

መልስ አልነበረኝም። ሌላውን ሳጥን ከፈተ፤ ቀሚስ። ሌላውን፤ ጫማ፣ ከነወረቀቱ። እሱ ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ ስኮች ቴፑን ይዞ ወደ ሳሎን ሄደ። እኔ ግን ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነውና የራሴን ሒሳብ ሳልዘጋ ቤት መቀየር አልሆነልኝም። ደረሰኞቹ አልጠፉም ነበር። እንደ ዲፕሎማ በፖስታ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳቸው፣ ምክንያቱም በያንዳንዳቸው ግርጌ «ዛሬ ያተረፉት» የሚል መስመር አለ። ድምሩ ወደ 1,900 ዶላር ይጠጋል። ያወጣሁት 614 ዶላር፣ ያተረፍኩት 1,900! በዚያ ጊዜ ይህን ቁጥር ለጓደኞቼ በስልክ አንብቤላቸዋለሁ።

አገዛዙ እንዲህ ነበር። በጃንዋሪ 2019 ጂምቦሪ የተባለው የልጆች ልብስ ድርጅት በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚህኛው ግን ወደ 800 የሚጠጉ መደብሮቹን ጠቅልሎ ሊዘጋ ወሰነ። በዚህ አገር አንድ መደብር ሲዘጋ ዕቃው እስኪያልቅ ቅናሹ በየሳምንቱ እየከበደ ይሄዳል፤ መመለስ፣ መቀየር የሚባል ነገር ግን የለም። ወሩም ራሱ የቅናሽ ወር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ብርዱ እስከ ማርች ቢዘልቅም ነጋዴው የብርድ ጊዜ ልብሱን በጃንዋሪ ያራግፋል፣ የጸደዩ ዕቃ መደርደሪያ ይፈልጋላ። በጁላይና በኦገስት ደግሞ የበጋው ልብስ ተራ ነው። ስለዚህ ልብስ የሚረክሰው የሚለበስበት ጊዜ ሊያበቃ ሲል ነው፤ በርካሽ የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚገዛው። ትልቅ ሰው ከሆነ ግድ የለም፣ የሚቀጥለው ዓመትም እሱው ነው። ልጅ ግን የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ነው።

ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ወንድሟ አሥራ አንድ ወሩ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱ ከሚዘጋው መደብር፣ አንዱ ከሌላ ቤት የክረምት ማራገፊያ። ለእሷ ባለ 5፣ ባለ 6፣ ባለ 7 ቁጥር፤ ለእሱ የሁለት፣ የሦስት፣ የአራት ዓመት። በጠቅላላው 86 ነጠላ ዕቃ፣ ጫማ በጥንድ ተቆጥሮ።

መቁጠሪያ ሚዛኔ ቀላል ነበር። ልጁ አዘውትሮ ለብሶታል? አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለብሶታል? ወይስ ታጉ እንኳ አልተቆረጠም? ማስረጃዬ የስልኬ ፎቶዎች፣ የእናትነት ትዝታና የልብሱ ጉልበት ነበሩ። የተለበሰ ሱሪ ጉልበቱ ይናገራል። ውጤቱ፦ በደንብ የተለበሰ 37፣ አልፎ አልፎ የተለበሰ 14፣ ጭራሽ ያልተለበሰ 35።

614ን ለ37 ሳካፍለው እያንዳንዱ በወግ የተለበሰ ልብስ ወደ 16 ዶላር ከ60 ሳንቲም አወጣ። ያንኑ ዓይነት ልብስ ልጁ በሚያስፈልገው ቀን፣ በተራ ቅናሽ፣ ከ10 እስከ 15 ዶላር አገኘው ነበር። ሰባ አምስት ከመቶ ቅናሽ አግኝቼ ከመደበኛው ገዢ በላይ ከፍያለሁ ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ የነገርኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ እራት አብልቼው።

ነገር ግን አማካይ ቁጥር ይዋሻል፤ ይህን ከሥራዬ አውቃለሁ። 86ቱን በየዘመዳቸው ስለያቸው ሌላ ታሪክ ወጣ። ፒጃማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ታይትና ተራ ቲሸርት 34 ነበሩ፣ የተከፈለባቸው 163 ዶላር። ከእነሱ 28ቱ አልቀው፣ ሳስተው፣ ተቀደው ነው የተገኙት፤ አንዳንዱን ሁለቱም ልጆች ለብሰውታል። እዚህ ላይ አንዱ ልብስ ስድስት ዶላር እንኳ አልሞላም። ቀሚስ፣ ጉርድ፣ ከነጌጡ የመጣ ሹራብ፣ የወንዱ ሸሚዝና ሰደርያ ግን 31 ሆነው 248 ዶላር ወስደዋል፤ ተመላልሰው የተለበሱት አምስት ብቻ። በእነዚያ አምስት ሲካፈል እያንዳንዳቸው ወደ 50 ዶላር! ካፖርትና የበረዶ ልብስ 12፤ ያገለገሉት ሦስት። ጫማ ዘጠኝ ጥንድ፤ ያገለገለው አንድ።

በእኛ ቋንቋ ይህን የሚለይ ቃል ከጥንትም አለ። የዘወትርና የክት። የዘወትሩን ቀድሜ በመግዛቴ አተረፍኩ፤ የክቱን ቀድሜ በመግዛቴ ከሰርኩ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ልጆች ለየብቻ ማየት ነበረብኝ፣ ምክንያቱም የከሰርኩባቸው በተለያየ መንገድ ነው።

ከወንዱ ልጀምር፣ የእሱ አጭር ነው። የገዛሁለት የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ሳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው የሕፃናት ዕድገት መለኪያ አለ፤ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከህንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተወሰዱ ልጆች ላይ የተሠራ። በዚያ መሠረት መካከለኛው ወንድ ልጅ ሲወለድ ወደ 50 ሴንቲሜትር ነው፣ በአንድ ዓመቱ 76 ገደማ ይደርሳል፣ በሁለት ዓመቱ 87፣ በሦስት 96፣ በአራት 103፣ በአምስት 110። ጭማሪውን ብቻ እዩት፦ 26፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 7። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልጅ እንደ ጎርፍ ነው። ደግሞ ይህ መካከለኛው ነው፤ የኔ ልጅ በአባቱ ወገን ወጥቶ ከመካከለኛው አለፍ ይላል። ለ2019–20 ክረምት የሁለት ዓመት ብዬ ያዘጋጀሁለት ካፖርት ዲሴምበር ላይ ሳለብሰው ክንዱ ከእጅጌው ወጥቶ እንደ ፖሊስ ትራፊክ ቆመ። የሦስት ዓመቱን አወጣሁለት፤ ልክ ሆነ። ግን እሱ የቀጣዩ ክረምት ነበራ። አንዱ ሲዘል ሁሉም በአንድ ወንበር ተሸጋሸጉ፤ መጨረሻ ላይ የአራት ዓመት የተባለው የብርድ ጊዜ ልብስ ክረምቱ ሳይደርስ ጁን ላይ ልኩ ሆነ። በጁን ሜሪላንድ ውስጥ የበረዶ ሱሪ የሚለብስ ሰው የለም።

ካፖርቱን በተመለከተ ቀድሜ ላውቀው የሚገባኝ ሌላ ነገርም ነበር። እዚህ አገር ሕፃን የሚጓዘው በመኪና ወንበር ታስሮ ነው፤ ወፍራም ካፖርት ከቀበቶው ሥር ሲሆን ቀበቶው በልጁ ላይ ሳይጠብቅ ይቀራልና የሕፃናት ሐኪሞች መኪና ውስጥ አውልቁለት ይላሉ። ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ መዋያ ያለው መንገድ ሃያ እርምጃ ነው። ለሃያ እርምጃ ስንት ካፖርት ያስፈልጋል? እኔ ለአንድ ልጅ አምስት ገዝቻለሁ።

የልጅቷ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሷ ላይ ግምቴ በሴንቲሜትር ልክ ነበር! ከሦስት ዓመት በኋላ ዕድገት ይረጋጋል፤ በዓመት ስድስት፣ ሰባት ሴንቲሜትር። የአውሮፓ የልጆች ልብስ ቁጥር ራሱ በቁመት ነው የሚሄደው፦ 98፣ 104፣ 110፣ 116፣ በየስድስት። የአሜሪካው በዕድሜ ስም ቢጠራም ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ተቀራራቢ ነው፤ ዞሮ ዞሮ በዓመት አንድ ቁጥር። እናም ለ2020 ፋሲካ ያዘጋጀሁላት ባለ 5 ቁጥር ቀሚስ ለፋሲካ ልክ ሆናት። ነጭ፣ ደረቱ ላይ ትንንሽ ቢጫ አበባ የተጠለፈበት፣ ከነሹራቡ፣ ከነስቶኪንጉ፣ ከነፀጉር ጌጡ። ጂምቦሪ የሚታወቀው በዚህ ነበር፣ ሁሉን ነገር አዛምዶ ያወጣል፤ ቀሚሱን የገዛች እናት ጌጡን ትታ መውጣት አይሆንላትም።

ፋሲካው ኤፕሪል 19 ዋለ። የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ከማርች 16 ጀምሮ ተዘግተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ምእመን አይገባም። እኛ ሳሎን ውስጥ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተልን ነበር፣ ልጄ በፒጃማ። ቀሚሷን ላልብስሽ ስላት «የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

የትም።

በኦገስት አምስት ዓመት ሞላት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ዓመት ደረሰ። ለዚያ ዓመት ጉርድ ብቻ አራት ነበረኝ። ኦገስት 31 ቀን 2020 የኛ ሰፈር፣ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የተከፈቱት በኮምፒውተር ነው። ልጄ ለመጀመሪያ ቀን ትምህርቷ ከላይ ሹራብ፣ ከታች የሌሊት ሱሪ አድርጋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። መምህሯ ከደረቷ በታች አይተዋት አያውቁም። ያ ዓመት ለምን ከ31ዱ የክት ልብስ የተለበሱት አምስቱ ሁሉም የላይ እንደሆኑ ያስረዳል፤ ቆጠራው ላይ ይህን ሳስተውል ለብቻዬ ስቄያለሁ። በ2021 ማርች ልጆቹን በየተራ ወደ ክፍል መመለስ ሲጀምሩ ግማሹ ጉርድ አጥሯት ነበር።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? የዘወትር ልብስ ቀኑን አይመርጥም፤ ልጁ ልኩ ሲሆን ያን ቀን ይለብሰዋል፣ ማክሰኞም ሆነ ሐሙስ። የክት ልብስ ግን ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንዲገጥምለት ይፈልጋል፦ ልኩም በዓሉም። ከዓመት ከሁለት ዓመት በፊት ቁመቷን መገመት ይቻላል። በዓሉ እንዴት እንደሚውል ግን ማን ይገምታል?

ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮስ? ራሴን ጠይቄዋለሁ። የባለ 7 ቁጥሩ መልስ ይሰጣል። በ2022 ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ክፍት ነበር፣ ልጄ ቁመቷ ለቀሚሷ፣ ቀሚሷም ለቁመቷ። እሷ ግን ስድስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር፤ «የሕፃን ነው» ብላ እንቢ አለች። ሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ እሱንም ከሥሩ ታይት አድርጋ። ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ሮዝ ካልሆነ አልለብስም ትል የነበረች ልጅ ናት፤ ሮዙን ሁሉ የሰበሰብኩት ያንን አይቼ ነው። ቁመቷን የሚነግር ሠንጠረዥ አለ፤ በስድስት ዓመቷ ምን እንደምትጠላ የሚነግር የለም።

ስለ ጫማው ብዙ አልልም። የልጅ እግር በቁመቱ ብቻ አያድግም፣ በጎኑም ይሰፋል፤ ጫማ ደግሞ እንደ ሱሪ ጫፉ አይታጠፍም። የሰፋ ሹራብ ያሞቃል፣ የሰፋ ጫማ ይጥላል። ከዘጠኙ አንዱ ገጠመ፣ የዝናብ ቦት ነው፤ እሱም በካልሲ ብዛት። አንደኛው ጥንድ ሦስት ዓመት ተኩል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳነሣው ሶሉ እጄ ላይ ለቀቀ፣ አንድ ቀን ሳይረገጥበት።

እዚህ ላይ እናቴን ላስገባ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ግማሹ ከእሷ ቤት የመጣ ይመስለኛል። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ የክት ልብስ በዓመት አንድ ነበር፣ ለእንቁጣጣሽ። እማዬ ጨርቁን ከመርካቶ ትገዛና ሰፈራችን ወዳለው ልብስ ሰፊ ይዛኝ ትሄዳለች። «እጥፋቱን ሦስት ጣት ተውለት፣ ታድግበታለች» ትለዋለች። እሱም ይተዋል። በዓመቱ አንድ ጣት ይፈታል፤ በሁለተኛው ዓመት ሌላ። የድሮው እጥፋት የነበረበት መስመር ቀለሙ ደምቆ ይቀራል፣ ከላዩ ያለው በፀሐይና በሳሙና ደብዝዟልና። ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ሁሉ ያንን መስመር አይቶ የጓደኛውን ቀሚስ ዕድሜ ያነብ ነበር፣ እንደ ዛፍ ቀለበት። እኔ በዚያ መስመር አፍሬ ያደግሁ ነኝ። አሜሪካ ገብቼ ሰባ አምስት ከመቶ ቅናሽ ሳይ ለልጄ ቀሚስ ነው የገዛሁት ወይስ ለዚያች መስመሯን በእጇ ለምትሸፍን ልጅ?

ግን ልብ በሉ፣ «ያድግበታል» የሚለው ቃል እማዬና እኔ ዘንድ አንድ አይደለም። እሷ ዘንድ ልጁ ልብሱን ዛሬውኑ ይለብሰዋል፣ ሰፍቶትም ቢሆን፣ እጅጌው ተጠቅልሎም ቢሆን። ዕድገቱ የሚጠበቀው ልብሱ ውስጥ ነው። እኔ ዘንድ ልጁ ውጭ ያድጋል፣ ልብሱ ሳጥን ውስጥ ይጠብቀዋል፤ ሲገናኙ አንዳቸው አልፈዋል። የእማዬ ዘዴ ደግሞ የድሮ ብቻ አይደለም። በ2017 ለንደን ውስጥ ራያን ማሪዮ ያሲን የተባለ የኤሮኖቲክስ ምሕንድስና ያጠና ወጣት ዴንማርክ ላለ የእህቱ ልጅ ልብስ ገዝቶ ቢልክ ልብሱ ሲደርስ ሕፃኑ አልፎት አገኘው። ከዚያ ተነሥቶ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ፣ ሕፃኑ በረዘመ ቁጥር የሚዘረጋ፣ ብዙ ቁጥሮችን አንድ ላይ የሚሸፍን ልብስ ሠራ፤ ስሙን ፔቲ ፕሊ አለው፣ የዚያ ዓመት የጄምስ ዳይሰን ሽልማት የብሪታንያ አሸናፊም ሆነ። ፎቶውን ለእማዬ ሳሳያት «እጥፋት ነው እኮ» አለችኝ። ነው።

የእሷ ዘዴ የማይሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ፣ ፒጃማ። እዚህ አገር የሚሸጥ የጥጥ የልጆች ፒጃማ ብዙውን ጊዜ «በልክ ይለበስ» የሚል ቢጫ ወረቀት ይንጠለጠልበታል። ሕጉ የልጆች የሌሊት ልብስ ወይ እሳት የሚቋቋም ጨርቅ ይሁን፣ ወይ ከገላ ጋር የተጣበቀ ይሁን ይላል፤ የሰፋ ጥጥ እሳት ቶሎ ይይዛልና። ስለዚህ ባለሁለት ቁጥር ብልጫውን ፒጃማ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አስቀድሞ ማልበስ ግን አይገባም። ደግሞ ጠባብ ተደርጎ የተሰፋ ስለሆነ ልጁ ቶሎ ያልፈዋል፤ የኔዎቹ ካሰብኩት ሦስት ወር ቀድመው ነው የገቡበትም የወጡበትም።

ያልተለበሱት 35 የት ሄዱ? ዘጠኙን ቤተ ክርስቲያን ላሉ እናቶች ሰጠሁ፤ እነሱም የየራሳቸው ሳጥን ስላላቸው በደስታ ተቀበሉኝ ማለት አልችልም። አምስቱ ከእኛ ጋር አዲሱ ቤት ገቡ። ሃያ አንዱ አዲስ አበባ ተላኩ፣ በኦገስት 2022፣ መንገደኛ አግኝቼ፣ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርሱ። ለባለቤቴ እህት ነው፤ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና አራት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ አላት። በስልክ «እህትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን ያልላክሽው አለ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ኪሳራው ተካካሰ ብዬ መዝገቡን ልዘጋ ነበር።

እውነቱ የወጣው በገና ስንደዋወል ነው። እኔ ክረምት ስል የበረዶ፣ እሷ ክረምት ስትል የዝናብ። «የበጋ ቀሚስ» ብዬ የላክኩት እጅጌ የሌለው ቀሚስ የደረሳት በነሐሴ ዝናብ ነው፣ ልጅ ብታለብሰው ሳንባዋን የሚያስይዝ። እስከ ኅዳር አስቀመጠችው፤ በኅዳር ልጅቷ ትከሻዋ ሰፋ። ጫማው አንዱም አልገባም። «የክረምት» ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ ጨምሬው የነበረው የበረዶ ሱሪ ግን፣ ያ የምንም አይሆን ያልኩት፣ ቤት ውስጥ ይለበሳል። አዲስ አበባ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ትንሹ ልጅ ማታ ማታ እሱን አጥልቆ ነው የሚጫወተው። «ሌላ እንደሱ ካለ ላኪልኝ» አለችኝ። ከላክኋቸው 21 ውስጥ እንዲጨመርላት የጠየቀችው እሱን ብቻ ነው። ለመላክ የሚሆነውንና የማይሆነውን ማን እንደሚያውቅ ከዚያ ወዲህ ገብቶኛል፦ ተቀባይዋ። አሁን ከመግዛቴ በፊት በቴሌግራም የልጆቹን ቁመት ትልክልኛለች፣ በሜትር ለክታ፣ የእግራቸውንም በወረቀት ላይ ነድፋ።

መግዛቱን አልተውኩም። በጃንዋሪ 2023 እንደገና ሄድኩ። ልጆቹን በር መቃን ላይ አስደግፌ ለካሁ፣ ለሚመጣው ክረምት ስድስት ስድስት ሴንቲሜትር ጨመርኩ፣ ከአንድ ቁጥር በላይ አልዘለልኩም፣ ሴቷን ይዣት ሄድኩና የራሷን ራሷ መረጠች። ጫማና ቀሚስ አልነካሁም። 14 ዕቃ፣ 97 ዶላር። በማርች 2024 ስቆጥር 13ቱ በደንብ ተለብሰዋል፤ የቀረው ወንዱ «ይበላኛል» ያለው አረንጓዴ ሹራብ ነው። አንዱ ሰባት ዶላር ተኩል ገደማ ደረሰ ማለት ነው፤ ከ2019ኙ የዘወትር ልብስ ይበልጣል፣ ከአልጋ ሥር ግን ምንም የለም።

የክቱን የምገዛው በወቅቱ ነው፣ ልጁ አጠገቤ ቆሞ። ሜሪላንድ ውስጥ በኦገስት ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ ለሰባት ቀን ዋጋው ከ100 ዶላር ያልበለጠ ልብስና ጫማ የሽያጭ ግብር አይከፈልበትም። ስድስት ከመቶ ነው፤ ከሰባ አምስቱ ጋር ሲተያይ ፍርፋሪ። ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ለልጁ ጫማ ስገዛ አየኝና «ስንት አተረፍሽ?» አለኝ። አሽሙሩን ተቀበልኩት።

ከአምስቱ ቀሪዎች አንዷ ያቺ ባለ 7 ቁጥር ቀሚስ ናት፣ ከነታጓ። በ2024 መጸው እማዬ ልትጠይቀን መጥታ ከርማ ስትመለስ ሻንጣዋን እኔ ነኝ ያሰናዳሁት። ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ። ቀሚሷን ከመድኃኒቱና ከቡና ማሽኑ መሐል አስገባሁ፤ ሰፈር ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ አይጠፋም ብዬ። በእጅ ሚዛኑ አንጠልጥዬ ሳየው 23 ኪሎ ከ300 ግራም። እማዬ ሻንጣውን ከፈተች፣ እጇን አስገብታ ዳበሰች፣ ቀሚሷን አወጣች።

«ይቺ ትቅር» አለች፣ «የዘይቱን ጠርሙስ አልተውም።»